ደጅ ሲጠና፦ በመጠበቅ ወራት እምነት እንዲያድግ ምን ይደረግ?

የዘፍጥረት ምዕራፍ 16 የሚያበቃው አብራም የ86 ዓመት ሰው እንደ ነበረ በመናገር ነው። ምዕራፍ 17 ደግሞ «የዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሰው በሆነ ጊዜ» ብሎ ይቀጥላል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል 13 ዓመት አለ፤ አንባቢ ግን በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል። ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድለት 100። ከ25ቱ ዓመታት የተጻፈልን የጥቂት ቀናት ታሪክ ብቻ ነው። ይህ መመሪያ ስላልተጻፉት ቀኖች ነው፤ አዲስ ነገር ስለማይሰማባቸው፣ ጸሎቱም ያው የትናንቱ ስለሚሆንባቸው።

አማርኛችን ለዚህ ወራት የሚሆን ቃል አለው። መዝሙር 40 «ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት» ብሎ ይጀምራል። ደጅ የሚጠና ሰው ቤቱ ተኝቶ «ይጠሩኝ ይሆናል» አይልም፤ በር ሰብሮም አይገባም። ማልዶ ይወጣል፣ በሚታይበት ቦታ ይቆማል፣ «ነገ ና» ከተባለ በማግሥቱም ይመጣል፤ በመመላለሱ ብዛትም የባለቤቱን ጠባይ ያውቃል። ጥቅሱ «ነገሩን ጠበቅሁ» እንደማይል ልብ በሉ፤ «እግዚአብሔርን» ነው የሚለው። ነገሩን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ነገሩ በዘገየ ቁጥር ባዶ እጁን ይቀራል። ባለቤቱን ደጅ የሚጠና ግን ነገሩ ሳይመጣም የሚያገኘው አለ። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ከዚህ ልዩነት የወጡ ናቸው።

የምትጠብቁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«እግዚአብሔር እንዲከፍትልኝ እየጠበቅሁ ነው» የሚል ሰው ምን እንዲከፈትለት እንደሚፈልግ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይደናገራል። ጥርት ያላለ ጥበቃ ጥርት ያላለ ኀዘን ይወልዳል። ስለዚህ ደብተር ያዙ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑንና የምትጠብቁትን ጻፉ። መልሱ ሲመጣ መምጣቱን መለየት እስኪቻል ድረስ ግልጽ ይሁን፦ «ልጅ መውለድ»፣ «ሥራ ማግኘት»፣ «ከወንድሜ ጋር መታረቅ»፣ «ከዚህ ሕመም መዳን»። ሁለት ሦስት ነገር ካለ ለየብቻ ጻፉ።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ፊት ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ምልክት አድርጉ። አንደኛው እግዚአብሔር ለሚያምኑት ሁሉ የተናገረው ነው፦ የኃጢአት ይቅርታ፣ የመንፈስ ቅዱስ ረድኤት፣ አብሮነቱ፣ የክርስቶስ ዳግም ምጽአት። ሁለተኛው መልካም ምኞት ሆኖ ለእናንተ በስም ያልተነገረ ነው፦ ትዳር፣ ልጅ፣ የሥራ እድገት፣ ከሕመም መፈወስ። ሦስተኛው እግዚአብሔርን ሳይሆን እናንተን የሚጠብቅ ነገር ነው፦ ያልተጠየቀ ይቅርታ፣ ያልገባ ማመልከቻ፣ ሲፈራ የቆየ የሐኪም ቀጠሮ።

ይህ መለያየት ለምን ያስፈልጋል? በሁለተኛው ክፍል ያለውን ነገር ወደ አንደኛው ያስገባ ሰው፣ ነገሩ ሲቀር «እግዚአብሔር ዋሸኝ» ወደሚል መራራ መደምደሚያ ይደርሳል፤ ያልተገባለትን ቃል ኪዳን ሲጠብቅ ኖሮ ማለት ነው። ሁለተኛውን ክፍል ከልብ መለመን ይቻላል፤ ይገባልም። ግን እንደ ልመና እንጂ እንደ ዕዳ አይጠየቅም። በሦስተኛው ክፍል ላለው ደግሞ ጸሎት ማራዘም ሽሽት ሊሆን ይችላል። ሙሴ በቀይ ባሕር ዳር ሲጮኽ የተሰጠው መልስ ለምን ወደ እኔ ትጮኻለህ፣ ሕዝቡ እንዲሄዱ ንገራቸው የሚል ነበር (ዘፀአት 14፥15)። ከዚህ ክፍል አንዱን መርጣችሁ በ7 ቀን ውስጥ ፈጽሙት። «ጠበቅሁ» ከሚባለው ሸክም ምን ያህሉ በዚህ ብቻ እንደሚቀል ብዙ ሰው ሲያየው ይገርመዋል።

በቀን 20 ደቂቃ

በዚህ ወራት በብዛት የሚሠራው ስሕተት በትልቁ መጀመር ነው። ሰው በጭንቀቱ ጉልበት በቀን አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይወስናል፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይደክማል፤ ከዚያ በጥፋተኝነት ስሜት ሁሉንም ይተዋል። መጠበቅ የረጅም መንገድ ጉዞ ስለሆነ የምትይዙት ሥርዓት በከፋው ቀናችሁም ልትጠብቁት የምትችሉት ይሁን። 20 ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱና ቦታው አይቀያየር፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ለሰዓት መቆጣጠሪያ ስልክ የሚጠቀም ሰው መልእክት ማየቱ አይቀርም።

የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃዎች ዝም በሉ፤ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ በማን ፊት እንደሆናችሁ አስቡ። ቀጥሎ 7 ደቂቃ አንብቡ፦ አንድ መዝሙርና ከወንጌል አንድ አጭር ክፍል፣ ከ10 እስከ 15 ቁጥር ያህል። ወንጌሉን ከዳር እስከ ዳር በተራ አንብቡ እንጂ ስለ ጉዳያችሁ የሚናገር ጥቅስ እያሳደዳችሁ አትለቅሙ። ጥቅስ ለቀማ መጽሐፉን የራሳችን ምኞት ማሚቶ ያደርገዋል፤ በተራ ያነበበ ግን ያልጠየቀውንም ይሰማል። ከዚያ 5 ደቂቃ ስለ ጉዳያችሁ ለምኑ፤ 4 ደቂቃ በስም ለምታውቋቸው ሌሎች ሰዎች ጸልዩ፤ በቀሩት 2 ደቂቃዎች በደብተራችሁ ላይ አንድ ወይም ሁለት መስመር ጻፉ።

ልመናው ለምን በ5 ደቂቃ ተወሰነ? አንዳንዱ ሰው ይህን የእምነት ማነስ አድርጎ ያየዋል፤ አይደለም። ስለ አንድ ያልተፈታ ጉዳይ ሲጸለይ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ጸሎቱ ሳይታወቅ ይለወጣል፤ ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገሩ ቀርቶ ቁስልን መልሶ መላልሶ መነካካት ይሆናል። ዓይን እንደ ተጨፈነ ነው፣ ከንፈርም ይንቀሳቀሳል፤ ልብ ግን «ያኔ እንዲህ ባላደርግ»፣ «እገሌ እንዲያ ባይለኝ» እያለ ይዞራል። ከእንዲህ ዓይነቱ ጸሎት የሚነሣ ሰው ከመንበርከኩ በፊት ከነበረው የባሰ ይዝላል። በሉቃስ 18 ያለችው መበለት ወደ ዳኛው እየመጣች ለመነችው ይላል፤ እዚያው ተቀምጣ ዋለች አይልም። ጽናት መመላለስ ነው። ቀኑን ሙሉ ጉዳዩ ብቅ ባለ ቁጥር አንዲት አጭር ጸሎት ይበቃል፦ «ጌታ ሆይ፣ በእጅህ ነው»፣ ወይም «አቤቱ፣ ማረኝ»። ብላችሁ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። በቀን 30 ጊዜ ብቅ ካለ 30 ጊዜ።

ማልቀስ ሲገባ፦ የመዝሙሩ አካሄድ

«አመስግኑ፣ አታጉረምርሙ» የሚለው ምክር በጎ ቢሆንም ያለ ጊዜው ሲመጣ ሰውን በእግዚአብሔር ፊት አስመሳይ ያደርጋል። መጽሐፍ ቅዱስ ማጉረምረምንና እንጉርጉሮን ይለያል። አጉረምራሚ ስለ እግዚአብሔር ለሌሎች ያወራል፤ የሚያንጎራጉር ለራሱ ለእግዚአብሔር ይነግረዋል።

የመዝሙር 13 አሠራር ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው። 6 ቁጥር ብቻ ነው ያለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ውስጥ «እስከ መቼ» 4 ጊዜ ይመላለሳል፦ እስከ መቼ ትረሳኛለህ፣ እስከ መቼ ፊትህን ትሰውራለህ፣ እስከ መቼ በነፍሴ እጨነቃለሁ፣ እስከ መቼ ጠላቴ ይበረታብኛል። ከቁጥር 3 እስከ 4 ልመናው ነው። ከ5 እስከ 6 ደግሞ መታመኑ። የራሳችሁን በዚህ መልክ ጻፉ፦ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቅሬታ ሳይሸፋፈን፣ አንድ ልመና፣ አንድ የመታመን ቃል። የመታመኑ ቃል በዚያ ቀን ከአንጀት ካልወጣ ከመዝሙሩ ቀድታችሁ ጻፉት፤ የተበደሩት ቃልም ቃል ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ለ7 ቀን በዙር ሊነበቡ የሚችሉ መዝሙራት 13፣ 27፣ 40፣ 62፣ 77፣ 130 እና 131 ናቸው። በግእዙ ዳዊት የሚጸልይ ሰው ከእያንዳንዱ አንድ ይቀንስ፤ 13ኛው 12ኛ፣ 40ኛው 39ኛ ነው። መዝሙር 77 በተለይ እንቅልፍ ለማይወስደው ሰው ነው፤ እስከ ቁጥር 9 ጩኸትና ጥያቄ ብቻ ነው፣ ከቁጥር 11 ጀምሮ ግን የቀድሞውን ሥራ ወደ ማስታወስ ይዞራል። 130 ሌሊቱን የሚጠብቁ ዘበኞችን ያነሣል፤ ዘበኛ ንጋት መምጣቱን አይጠራጠርም፣ ንጋቱን ግን ማፍጠን አይችልም። መዝሙር 88ን ለብቻው አስቀምጡት። የመጨረሻው ቁጥሩ በጨለማ ያበቃል፤ ወደ ምስጋና አይዞርም። ምንም መዞር በማይቻልበት ቀን እርሱን አንብቡና ደብተሩን ዝጉ። እንዲህ ያለ ጸሎት በመዝሙራት መካከል መካተቱ በራሱ ፈቃድ ነው።

«ያ ሲሆን» ብላችሁ ያቆማችሁትን ሥራ ቀጥሉ

ኤርምያስ 29፥11 በየቦታው ይጠቀሳል፤ የሰላም አሳብ እንጂ የክፉ አይደለም የሚለው። ከእርሱ በፊት ያሉት ቁጥሮች ግን እምብዛም አይነሡም። ደብዳቤው የተጻፈው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው፤ ቁጥር 10 እስከ 70 ዓመት ድረስ እንደሚቆዩ ይነግራቸዋል። ይህን ከሰሙት ጎልማሶች አብዛኞቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩም ማለት ነው። ታዲያ ምን እንዲያደርጉ ታዘዙ? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክሉና ፍሬውን ብሉ፣ ልጆች ውለዱ፣ የምትኖሩበትን ከተማ ሰላም ፈልጉ (ቁጥር 5 እስከ 7)። በሻንጣ ላይ ተቀምጣችሁ ጠብቁ አልተባሉም።

በደብተራችሁ ላይ «ካገባሁ በኋላ»፣ «ሥራ ካገኘሁ በኋላ»፣ «ከዳንሁ በኋላ» ብላችሁ ያቆያችኋቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ። አንዱን በዚህ ሳምንት ጀምሩ። ትምህርት ሊሆን ይችላል፤ የታረቀ ጉርብትና፣ የተስተካከለ ቤት፣ እንግዳ መቀበል። ነገሩ ካልመጣ ሕይወት አይጀምርም የሚለውን አሳብ የሚሰብረው ክርክር ሳይሆን እንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ ነው።

ሁለተኛው፣ አንድ ቋሚ አገልግሎት ያዙ፤ በሳምንት 2 ወይም 3 ሰዓት፣ ከዚያ አይበልጥ። ሕመምተኛ መጠየቅ፣ ልጆችን ማስጠናት፣ ወንበር መደርደር። ሰው ፊት የማያወጣ ቢሆን ይመረጣል፤ እየጠበቀ ያለ ሰው ለጭብጨባ ልቡ ስስ ነው፣ ጭብጨባን ከመልሱ ጋር ያምታታል። ዮሴፍ እስር ቤት ሳለ የሁለት እስረኞችን ፊት አይቶ ዛሬ ለምን አዘናችሁ ብሎ ጠየቀ (ዘፍጥረት 40፥7)። የራሱ ኀዘን የሰው ፊት ከማየት አላገደውም። በሰው በኩል ካየነው ወደ ፈርዖን ያደረሰው መንገድ የተከፈተው በዚያች ጥያቄ ነው፤ ያም ሆኖ ከሁለቱ እስረኞች አንዱ፣ የፈርዖን የመጠጥ አሳላፊ፣ ረስቶት ተጨማሪ 2 ዓመት ቆይቷል። በ17 ዓመቱ ሕልም አይቶ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር።

ጥንቃቄ፦ አገልግሎት እንደ ጉቦ ከተያዘ ይመርዛል። ምልክቱ ግልጽ ነው። «ይህን ሁሉ አገልግዬ…» የሚል ዓረፍተ ነገር በልባችሁ ከጀመረ ለአንድ ወር ቀንሱት፤ አሳቡንም ለምትተማመኑበት መንፈሳዊ አባት ወይም መጋቢ ተናገሩ። ጾምም እንዲሁ ነው፤ ልብን ለማንቃት እንጂ እግዚአብሔርን ለማስገደድ አይጾምም። ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ሕመምተኛና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

አቋራጭ የሚመጣው መቼ ነው?

ሳኦል በጌልገላ ሳሙኤልን የጠበቀው 7 ቀን ሙሉ ነው (1ኛ ሳሙኤል 13)። ትዕግሥቱ ያለቀው በመጨረሻዋ ሰዓት ነበር፤ መሥዋዕቱን አቅርቦ እንደ ጨረሰ ሳሙኤል ደረሰ። ምክንያቱም ሞኝነት አይመስልም ነበር፦ ሕዝቡ እየተበተነ ነው፣ ጠላት ተሰብስቧል፣ ያደረገውም ነገር በራሱ መንፈሳዊ ሥራ ነው። ሣራ አገልጋይዋን አጋርን ለአብራም የሰጠችው ደግሞ በከነዓን 10 ዓመት ከተቀመጡ በኋላ ነው። አቋራጭ በመጀመሪያው ሳምንት አይመጣም። የሚመጣው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ የተቀጠረው ቀን ሊያበቃ ሲል፣ እና ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ መልክ ያለው ምክንያት ለብሶ።

እንግዲህ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው? አይደለም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ወሬ ሰምቶ አራት ወር ያህል ጸለየ፤ ንጉሡ ምን ትፈልጋለህ ሲለው ግን የሚቆይበትን ጊዜ፣ የሚያስፈልገውን የይለፍ ደብዳቤ፣ የሚጠርበውን እንጨት ሳይቀር ተናገረ (ነህምያ 2፥6 እስከ 8)። ሲጸልይ አሳቡን አደራጅቷል። ስለዚህ እርምጃ ሁሉ አቋራጭ አይደለም። ለመለየት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ይህን በግልጽ፣ ለሚወዱኝ ሰዎች እየነገርሁ ማድረግ እችላለሁ? ዋጋውን የሚከፍል ሌላ ሰው አለ? (በአብራም ቤት የከፈለችው አጋር ናት።) ለማግኘት መዋሸት ወይም የማውቀውን ትእዛዝ መተላለፍ ይጠይቃል? ለመጀመሪያው «አዎ»፣ ለሁለቱ «የለም» ከሆነ መልሱ፣ ሂዱ፤ ማመልከቻ አስገቡ፣ ሐኪም አማክሩ፣ ሰው ተዋወቁ።

ትልቅ ውሳኔ ከሆነ 7 ቀን አቆዩት፤ ሁለት ሰው አማክሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ «አይሆንም» ለማለት የማያፍር ይሁን። መጥፎ ዜና በተሰማበት ቀንና የቅርብ ሰው የምትጠብቁትን ነገር ባገኘበት ሳምንት ምንም አትወስኑ።

ትንቢት፣ ምልክት፣ ስእለት

በሚጠብቅ ሰው ዙሪያ «እግዚአብሔር ነግሮኛል» የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ ገር መሆን ብዙ ሰው ጎድቷል። በኤርምያስ 28 ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደስ፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ተነሥቶ የባቢሎን ቀንበር ተሰብሯል፣ በ2 ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል አለ። የእግዚአብሔርን ስም ጠርቷል፤ ኤርምያስ ለምልክት በአንገቱ ያደረገውንም ቀንበር ወስዶ ሰብሯል። ሕዝቡ ሊሰማው የሚወደው ይህን ነበር፤ እውነቱ ግን 70 ዓመት ነው። ሐናንያ በአምስተኛው ወር ተናግሮ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ። መለያው አጭር ነው፦ ጥበቃችሁን የሚያሳጥር ቃል ሁሉ ከላይ ነው ማለት አይደለም።

ጳውሎስ «ትንቢትን አትናቁ፤ ሁሉን ፈትኑ» ይላል (1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20 እና 21)፤ ሁለቱም ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የተነገራችሁን በቃሉ፣ ከነቀኑና ከተናጋሪው ጋር ጻፉት። ከዚያ ተዉት። እርሱን ብቻ ይዛችሁ ሥራ አትልቀቁ፣ እጮኛ አትቀበሉ፣ ዕቃ አትሽጡ። ገንዘብ የተጠየቀበት ከሆነ ነገሩ እዚያው ይቁም። መድኃኒት አቁሙ ከተባለ አታቁሙ። የሌላ ሰው ስም የተጠራበት («ባልሽ እገሌ ነው») ከሆነ ደግሞ ያ ሰው የራሱ ፈቃድ እንዳለው አትርሱ።

ስለ ስእለት፦ በሕመምና በጭንቀት መካከል የሚሳል ሰው ከአቅሙ በላይ ይሳላል። መክብብ 5፥5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል እንደሚሻል ይናገራል። የዮፍታሔ ታሪክ (መሳፍንት 11) በሌላ ሰው ሕይወት መሳል ምን እንደሚያመጣ ያሳያል። ልትሳሉ ከሆነ የራሳችሁ በሆነው ብቻ፣ ልትፈጽሙት በምትችሉት ልክ፣ ከአንድ ሌሊት እንቅልፍ በኋላ።

ብቻ አትጠብቁ

ከጌታ ዕርገት በኋላ በኢየሩሳሌም የጠበቁት 120 ሰዎች ያህል ነበሩ፤ አብረው። እናንተ ያን ያህል አያስፈልጋችሁም፤ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተገናኙ። ምን እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሰው ካልተነገረው መፍትሔ ያዥጎደጉዳል። «ምክር ሳይሆን ጸሎት ነው የምፈልገው፤ ምክር ስፈልግ እጠይቃችኋለሁ» በሉ። ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ የእናንተን ዓይነት ጥበቃ የሌለበት ይሁን፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁስል ያለበት ስብስብ ቶሎ ወደ ምሬት ይወርዳል።

ለሌላው ሰው ሁሉ ደግሞ አንድ የተዘጋጀ መልስ ያዙ። «አሁንስ ምን ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ በሠርግ፣ በልቅሶ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይመጣል። «እየጸለይኩ ነው፤ ሲኖር እነግራችኋለሁ» ብሎ ወሬ መቀየር ስድነት አይደለም።

በየ3 ወሩ ደብተሩን ማየት

አንድ ሰዓት መድቡና ከመጀመሪያው ገጽ አንብቡ። የምትፈልጉት «መጣ ወይስ አልመጣም» የሚለውን አይደለም፤ እርሱን ታውቁታላችሁ። እነዚህን ፈልጉ፦ የምትጠብቁትን ያገኘ ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ስትሉት ከልባችሁ የሚወጣው ምን ያህሉ ነው? ከ3 ወር በፊትስ? ጉዳያችሁን ሳታነሡ አንድ ሙሉ ጸሎት መጸለይ ትችላላችሁ? በቤት ውስጥ በማን ላይ ትቆጣላችሁ? በሚታወቀው ትእዛዝ፣ ማለትም በእውነት መናገር፣ በይቅርታ፣ በንጽሕና፣ ወደፊት ሄዳችኋል? እምነት ሲያድግ የሚታየው እዚህ ነው። ሐና ልጅ ከመፀነሷ በፊት፣ ከጸሎቷ ተነሥታ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው አላዘነም (1ኛ ሳሙኤል 1፥18)። የመጀመሪያው መልስ በፊቷ ላይ ነበር።

የተጻፈው ሁሉ ደረቅ ከሆነ አትደንግጡ። ደረቅ ወቅት ሲመጣ ሥርዓቱን አሳንሱት እንጂ አትተዉት፦ አንድ መዝሙር፣ አባታችን ሆይ፣ በሳምንት አንዴ ከምእመናን ጋር መቆም። ስሜቱ እስኪመለስ የምትጠብቁ ከሆነ ግን አትጀምሩትም።

አንድ ነገር ለይታችሁ እወቁ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከተዘጋ፣ ምንም ነገር ደስ ማሰኘቱን ካቆመ፣ ወይም ሞትን የመመኘት አሳብ ከመጣ ይህ የእምነት ማነስ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ያስፈልጋል። የሞት አሳብ ካለ ዛሬውኑ ለሰው ተናገሩ፤ ብቻችሁንም አትሁኑ። ኤልያስ ከዛፍ በታች ሞትን ሲለምን መልአኩ አልሰበከውም። አበላው፣ ተኛ፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው (1ኛ ነገሥት 19)። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በኮሬብ ነው።

መልሱ ሲታወቅ

«አይደለም» ሊሆን ይችላል። ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው እንጂ የለመነው አይደለም (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥8 እና 9)። በሩ በእውነተኛ ነገር ሲዘጋ፣ ዕድሜው ሲያልፍ፣ ሰውየው ሌላ ሲያገባ፣ ሕመምተኛው ሲሞት፣ ጥበቃው ወደ ኀዘን ይለወጣል፤ ኀዘን ደግሞ የራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ወዲያው ምክንያት ፍለጋ አትሂዱ፤ «የተሻለ ስላለ ነው» የሚለውንም ለራሳችሁም ሆነ ለሌላ አትናገሩ፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን እናንተ አታውቁትም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ ዝጉት። 20 ደቂቃዋን ግን ቀጥሉ፤ ለልመናው የነበረውን 5 ደቂቃ ዝም ለማለት ተጠቀሙበት።

«አዎ» ከሆነም አደጋ አለው። አሥር ለምጻሞች ነጽተው የተመለሰው አንድ ብቻ ነው። መልስ የመጣለት ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ወር ጸሎቱን ይተዋል፤ በክፋት ሳይሆን የሚያስቸኩለው ስለ ጠፋ። ስለዚህ ከመልሱ በኋላ ያሉትን 40 ቀናት ሰዓቱንና ቦታውን ሳትለውጡ ጠብቁ። የልመናውን ጊዜ ደብተሩን ወደ ኋላ እያነበባችሁ ለማመስገን አውሉት፤ ያለቀሳችሁባቸውን ቀኖች አትዝለሉ።

አሁንም እየጠበቁ ካሉ ጓደኞቻችሁ ጋር ስትሆኑ ዜናውን ራሳችሁ፣ ለብቻቸው፣ ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት ንገሯቸው። የዚያን ቀን ደስ እንዲላቸው አትጠብቁ። «እኔም እንደ አንተ ጠብቄ ነበር» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እንዴት እንዳለፋችሁት ከጠየቋችሁ ብቻ ተናገሩ። በቀጣዩም ቀጠሮ እንደ ቀድሞው በሰዓታችሁ ተገኙ።